በአንዲት «ኤስ» ሰው አይመዘንም

ሰው በአነጋገሩ ሲመዘን ማየት ለእኛ ለተማሪዎች አዲስ ነገር አይደለም። በክርክር ምሽት አንዱ ተነሥቶ አሳቡን በእንግሊዝኛ ሲያስረዳ አንዲት ግስ መድረሻዋን ጥላ የወጣች እንደ ሆነ ከኋላ ወንበር ሳቅ ይሰማል። ከዚያ በኋላ ተናጋሪው ያለው ነገር እውነት ነው ወይስ ሐሰት ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ሳቁ ፍርድ ሆኖ ይቀራል። ይህ ልማድ በእኛ ዘንድ ብቻ ያለ አይደለም። እንግሊዝኛ የትምህርት ቋንቋ በሆነበት አገር ሁሉ የሚገኝ ነው፤ ይህ ሳቅ ከሚደርስባቸውም መካከል ቻይንኛ ተናጋሪ ተማሪዎች ይገኙበታል።

ቻይናዊው ተማሪ «ትናንት ጓደኛዬ ወደ ቤተ መጻሕፍት በእግሩ ሄደ» ለማለት ፈልጎ «ዬስተርደይ ማይ ፍሬንድ ዎክ ቱ ዘ ላይብረሪ» ይላል። «ዎክት» ማለት ሲገባው «ዎክ» ብሎ ያልፋል። «እሷ በየቀኑ ትሠራለች» ለማለትም «ሺ ወርክስ» በማለት ፈንታ «ሺ ወርክ» ይላል። ይህ ተማሪ ዐሥር ዓመት እንግሊዝኛ የተማረ፣ የሰዋስው ፈተና ያለፈ፣ ምናልባትም በሒሳብና በፊዚክስ ክፍሉን የሚመራ ይሆናል። ታዲያ አንዲት «ኤስ» ለምን አቃተችው? ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ብዙ ጊዜ ሁለት ዓይነት ነው፤ ወይ «ሰነፍ ነው» ይባላል፣ ወይ «ቋንቋ አይገባውም» ይባላል። እኛ ሁለቱም መልሶች ስሕተት ናቸው እንላለን። ስሕተት ብቻም ሳይሆኑ ጎጂዎች ናቸው፤ የበሽታውን መንሥኤ ሳያውቅ መድኃኒት የሚያዝ ሐኪም በሽተኛውን እንደሚጎዳው ሁሉ፣ ይህም ፍርድ ተማሪውን ይጎዳዋል።

በመጀመሪያ የተማሪውን የአፍ መፍቻ ቋንቋ እንመልከት። የቻይና የመንግሥት ቋንቋ በሆነው በማንዳሪን፣ ግስ በባለቤቱ መደብም ሆነ በቁጥር ወይም በጊዜ መልኩን አይለውጥም። «ቹ» ማለት መሄድ ነው። «ዎ ቹ» ቢሉ እኔ፣ «ኒ ቹ» ቢሉ አንተ ወይም አንቺ፣ «ታ ቹ» ቢሉ እሱ ወይም እሷ፣ «ታመን ቹ» ቢሉ እነሱ ይሆናል፤ «ቹ» ግን ያው «ቹ» ነው። ትናንትም ነገም በግሱ ላይ አይታዩም። ሰሚው ጊዜውን የሚያውቀው ትናንት ወይም ነገ ከሚለው ቃል፣ አለዚያም ከወሬው አካሄድ ነው። እኛ ግን ሄድኩ፣ ሄድሽ፣ ሄደች፣ ሄዳችሁ፣ ሄዱ እያልን ያደግን ሰዎች ነን። ማን እንደ ሄደ ሳይናገር «ሄደ» የሚል ግስ በአማርኛ የለም። ስለዚህ የቻይናዊው ተማሪ ችግር በቀላሉ አይታየንም፤ ለእኛ መድረሻ ማለት እንደ እስትንፋስ ሳናስበው የሚወጣ ነገር ነውና።

እዚህ ላይ አንድ የቆየ ንቀት ማንሣት ያስፈልጋል። በ19ኛው መቶ ዓመት ከነበሩት የአውሮፓ የቋንቋ ሊቃውንት አንዳንዶቹ፣ ከእነሱም ውስጥ ጀርመናዊው አውጉስት ሽላይኸር፣ ቋንቋዎችን በደረጃ ከፋፍለው ግሳቸውና ስማቸው የሚረባውን ከላይ፣ እንደ ቻይንኛ ያሉትን ከታች አስቀምጠዋቸው ነበር። ዴንማርካዊው ኦቶ የስፐርሰን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1894 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን አሳብ ገልብጦ፣ እንግሊዝኛ የጥንት መድረሻዎቹን መጣሉ ውድቀት ሳይሆን እድገት ነው ሲል ተከራከረ። እኛ ቋንቋን እንደ ወታደር በማዕርግ መደርደር ከሁለቱም ወገን የሚጠቅም አይመስለንም። ቻይንኛ በግስ መድረሻ የማይናገረውን በሌላ መንገድ ይናገረዋል፤ ሳይናገረው የቀረ ነገር የለም። «ቻይናውያን ሰዋስው የላቸውም» የሚለው ተረት ግን እስከ ዛሬ በየሻይ ቤቱ ስለሚነገር፣ ሥሩ ከየት እንደ መጣ ማወቅ ይገባል።

ይህን ካልን ዘንድ ወደ አንድ ጠለቅ ያለ ነገር እንለፍ። በማንዳሪን ግሱን ተከትላ የምትመጣ «ለ» የምትባል አጭር ቃል አለች። ብዙ ተማሪዎች ይህች ቃል የእንግሊዝኛው «ኢዲ» አቻ ትመስላቸዋለች። ነገር ግን አይደለችም። «ነገ ምሳዬን በልቼ እሄዳለሁ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ቻይናዊው ሲናገር፣ ነገሩ የነገ ሆኖ ሳለ «መብላት» ከሚለው ግስ ቀጥሎ «ለ» ይላል። የቃሏ ሥራ ድርጊቱ መፈጸሙን ማሳየት እንጂ ማለፉን ማሳየት አይደለም። ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም፤ የራሳችን «በልቼ» እንዲሁ ነው። «ትናንት በልቼ ሄድኩ» እንላለን፣ «ነገ በልቼ እሄዳለሁ» እንላለን፤ «በልቼ» በሁለቱም ያው ነው፤ መፈጸምን እንጂ ጊዜን አይናገርም። እንግዲህ እንግሊዛዊ መምህር ቢመጣና «በልቼ» ማለት ኃላፊ ጊዜ ነው ብሎ ቢያስተምር ስንት ስሕተት እንደሚፈጠር እናስብ። ቻይናዊውም «ለ»ን ወደ «ኢዲ» ሲተረጉም የሚደርስበት ይኸው ነው። ሮበርት ቤይሊ የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1994 በአሜሪካ በሚኖሩ ቻይናውያን ላይ ባወጣው ጥናት፣ እነዚህ ሰዎች እንደ «ሰበረ» እና «ደረሰ» ያሉ የተፈጸመ ድርጊት የሚያሳዩትን ግሶች በኃላፊ ጊዜ ምልክት ሲያወጡ፣ እንደ «ይወድ ነበር» እና «ይኖር ነበር» ያሉትን ግን ብዙ ጊዜ ያለ ምልክት እንደሚተዉ አሳይቷል። ይህ የስንፍና ሥራ ነው ሊባል አይችልም። ሰነፍ ሰው በሥርዐት አይሳሳትም።

የእንግሊዝኛዋን «ኤስ» ደግሞ እንመርምራት። በአማርኛ «ትሠራለች» ስንል ባለቤቷን ሳንጠራ ማን እንደምትሠራ ታውቋል፤ መድረሻውና መነሻው እንጀራቸውን ሠርተው ይበላሉ። በእንግሊዝኛ ግን «ሺ» ተብላ ባለቤቷ አስቀድማ ተጠርታለች። ከዚያ በኋላ በግሱ ጫፍ ላይ የምትቀጠለው «ኤስ» የምትጨምረው አዲስ ነገር የላትም። «እኔ»ም «አንተ»ም «እነሱ»ም ያለ መድረሻ ሲሄዱ ሦስተኛው መደብ በነጠላ ቁጥር ብቻውን ጭራ ያበቅላል። ጥንት የነበሩት ሌሎች መድረሻዎች ሁሉ ወድቀው እሷ ብቻ የቀረች ናት። አእምሮ ደግሞ እንደ ማንኛውም ሠራተኛ የማይጠቅም ሸክም መሸከም አይወድም። ትርጉሙን ከባለቤቱና «ትናንት» ከሚለው ቃል አስቀድሞ ያገኘ ሰው፣ ያንኑ ትርጉም ከቃል ጫፍ ላይ ፈልጎ ለማግኘት ምክንያት የለውም።

ሌላው መንሥኤ ድምፅ ነው። በማንዳሪን አንድ ክፍለ ቃል የሚያልቀው በአናባቢ ወይም በ«ን» እና በ«ንግ» ነው፤ ከዚህ ሌላ በአንዳንድ ቃላት ላይ «ር» የምትመስል ድምፅ ትሰማለች እንጂ ሌላ ተነባቢ በጫፍ ላይ አይቆምም። በሆንግ ኮንግና በጓንግዶንግ የሚነገረው ካንቶንኛ ጥቂት ተጨማሪ ተነባቢዎች ቢፈቅድም ሁለት ተነባቢ በቃል መጨረሻ አያደራርብም። እንግሊዝኛ ግን «ዎክት» እያለ «ክ»ን በ«ት» ላይ፣ «ሄልፕት» እያለ ሦስት ተነባቢ በአንድ ላይ ይቆልላል። እኛ «ወርቅ»፣ «ልብስ»፣ «ስልክ» እያልን ስላደግን ምላሳችን ለዚህ ዕንግዳ አይደለም። ይህ ግን የእኛ ብልህነት አይደለም፤ የአማርኛ ስጦታ ነው።

ይህም አልበቃ ብሎ የእንግሊዝኛው «ኢዲ» ሦስት ድምፅ አለው፤ በ«ዎክት» ላይ «ት»፣ በ«ፕለይድ» ላይ «ድ»፣ በ«ዎንቲድ» ላይ «ኢድ» ይሆናል። «ኤስ»ም እንዲሁ «ስ»፣ «ዝ» እና «ኢዝ» እየሆነች ትለዋወጣለች። ጂን በርኮ የተባለችው አሜሪካዊት እ.ኤ.አ. በ1958 ባወጣችው ታዋቂ ጥናት፣ ትንንሽ ልጆች ከዚያ ቀደም ሰምተው ለማያውቁት የፈጠራ ቃል እንኳ ብዙ ጊዜ ትክክለኛውን ድምፅ መርጠው እንደሚቀጥሉ አሳይታለች። የአገሩ ልጅ ሕጉን ማንም ሳያስተምረው ከእናቱ ጉልበት ሥር ያገኘዋል። ባዕዱ ተማሪ ግን በጆሮው ሊያገኘው ሲፈልግ ድምፁ ራሱ ያመልጠዋል፤ እንግሊዛውያን በፍጥነት ሲናገሩ «ዎክት ቱ» በሚለው ውስጥ የመጀመሪያውን «ት» ከሁለተኛው ጋራ ውጠውት ያልፋሉና። ያልተሰማ ድምፅ እንዴት ይነገራል?

ከዚህ ቀጥሎ የምንጠቅሰው ታሪክ በዚህ ጉዳይ ላይ ከተጻፉት ሁሉ እጅግ የሚያስገርም ነው። ዶና ላርዲየር የተባሉት አሜሪካዊት የቋንቋ ሊቅ፣ ፓቲ የሚል የምስጢር ስም የሰጧትን አንዲት ቻይንኛ ተናጋሪ ሴት አነጋገር ለብዙ ዓመታት ቀርጸው መረመሩ፤ ውጤቱንም እ.ኤ.አ. በ1998 እና በኋላም በ2007 በመጽሐፍ አወጡ። ፓቲ በአሜሪካ የተማረች፣ የምትሠራ፣ ከእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች መካከል የምትኖር ሴት ነበረች። ነገር ግን በንግግሯ ውስጥ ኃላፊ ጊዜ በሚያስፈልግበት ስፍራ ምልክቱን ያወጣችው ከመቶ 34 ያህሉን ጊዜ ብቻ ነበር። የሦስተኛ መደብ «ኤስ»ማ ከናካቴው የጠፋች ያህል ነበረች። ይህን ብቻ የሰማ ሰው «ሰዋስው አልገባትም» ብሎ ሊፈርድ ነው። ሆኖም ይህችው ሴት «ሂ» ማለት ሲገባት «ሂም»፣ «ሺ» ማለት ሲገባት «ኸር» ብላ አትሳሳትም ነበር። የባለቤትና የተሳቢ ልዩነት ደግሞ ከዓረፍተ ነገሩ አጥንት ውስጥ የሚገኝ ሕግ ነው። በጽሑፍ ስትልክም የኃላፊ ጊዜ ምልክቷ ከንግግሯ እጅግ ይበዛ ነበር። እንግዲህ አጥንቱ በቦታው አለ፤ የጎደለው ቆዳው ላይ ነው። የመድረሻ መጥፋት የዕውቀት መጥፋት ምልክት አይደለም ስንል የምንመሠክርበት አንዱ ማስረጃ ይህ ነው።

እርግጥ ሊቃውንቱ በአንድ አሳብ አልተስማሙም። ሮጀር ሆኪንስና ሣራ ሊሽካ እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጡት ጥናት፣ ቻይንኛ ተናጋሪዎች እንደ «ዎክት» ባሉ ግሶች ላይ «ት»ን ከሚጥሉት ይልቅ፣ ያው የተነባቢ ድርድር በማይረባ ተራ ቃል ጫፍ ላይ ሲመጣ የሚጥሉት ያነሰ ሆኖ አግኝተዋል። ከዚህም ተነሥተው ነገሩ የምላስ ብቻ አይደለም፤ የአፍ መፍቻው ቋንቋ በግስ ላይ ጊዜን ስለማያሳይ ያ ቦታ በአእምሮ ውስጥ አልተከፈተም አሉ። በዚያው ዓመት ሄዘር ጎድ፣ ሊዲያ ዋይትና ጄፍሪ ስቲል ደግሞ፣ አንድን ድምፅ በቃል ውስጥ መናገር መቻልና ያንኑ ድምፅ ካለቀ ቃል ውጭ ጨምሮ መቀጠል ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ ማንዳሪን ሁለተኛውን አላስተማረም እንጂ ዕውቀቱስ በአእምሮ ውስጥ አለ ብለው ተከራከሩ። ናን ጂያንግ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2004 በሌላ መንገድ ሄደ። ቻይናውያን በእንግሊዝኛ ሲያነቡ ጊዜያቸውን ለካ። የእንግሊዝኛ ባለቤቶች የቁጥር ስምምነት በተፋለሰበት ስፍራ ላይ ሲደርሱ ዓይናቸው ይሰናከላል፤ ቻይናውያኑ ግን ሕጉን ተጠይቀው በጽሑፍ የሚመልሱ ሆነው ሳለ፣ በንባብ ጊዜ ሳይሰናከሉ ያልፋሉ። ሕግን ማወቅና ሕጉ በደም ውስጥ መግባቱ አንድ እንዳልሆነ ይህ ያስረዳል።

እኛ በዚህ ክርክር ላይ ፈራጅ ሆነን ለመቅረብ አቅሙ የለንም። የምንለው ነገር ግን አለ። ከሦስቱ ወገኖች አንዱም «ተማሪው ሰነፍ ነው» አላለም። አንዱም «ይበልጥ ቢቀጣ ይማራል» አላለም።

ከዚህም በቀር ነገሩ የቻይናውያን ብቻ አይደለም። ሮጀር ብራውን እ.ኤ.አ. በ1973 ሦስት አሜሪካውያን ሕፃናትን ተከታትሎ ባወጣው መጽሐፍ፣ «ኢንግ» የምትለው መድረሻ ቀድማ እንደምትመጣና የሦስተኛ መደብ «ኤስ» ግን ዘግይታ እንደምትመጣ አሳይቷል። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1974 እ.ኤ.አ.፣ ሃይዲ ዱሌይና ማሪና በርት እስፓንኛ ተናጋሪ ልጆችንና ቻይንኛ ተናጋሪ ልጆችን ጎን ለጎን ቢመረምሩ፣ ሁለቱም ወገኖች መድረሻዎቹን የተማሩበት ቅደም ተከተል እጅግ የተቀራረበ ሆኖ ተገኘ። የእስፓንኛ ግስ መድረሻ እንደ አማርኛው የበዛ ነው፤ የቻይንኛው ግን የለም፤ ሆኖም «ኤስ» ለሁለቱም ዘግይታ መጣች። ስለዚህ የ«ኤስ» መዘግየት ከተማሪው ዘር የመጣ ሳይሆን ከራሷ ከ«ኤስ» የመጣ ነገር አለበት ማለት ነው። የቻይንኛ ተናጋሪው ልዩ ችግር መንገዱ ሌላ መሆኑ ሳይሆን፣ በዕድሜ ከገፋ በኋላ የጀመረው ብዙ ጊዜ መንገዱ መካከል ላይ መቆሙ ነው።

እንግዲህ ወደ ፍርዱ እንመለስ። «ኤስ»ን የሚጥለው ማን ነው ብለን እንጠይቅ። እንግሊዛዊው ፒተር ትራድጊል እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተመው ጥናት፣ በራሷ በእንግሊዝ አገር፣ በኖሪች ከተማ፣ ዝቅተኛው የሠራተኛ መደብ ሰው «ሺ ጎ» እያለ «ኤስ»ን ሁልጊዜ ማለት በሚቻል መጠን ሲጥላት፣ መካከለኛው መደብ ደግሞ ከዚያ እጅግ ባነሰ መጠን እንደሚጥላት አሳይቷል። እነዚያ ሠራተኞች እንግሊዝኛን ከእናታቸው ጡት ጋራ የጠጡ ናቸው፤ አልተማሩትም ሊባሉ አይችሉም። ታዲያ «ኤስ» የምታሳየው የአእምሮን ብሩህነት ነው ወይስ ተናጋሪው ከየትኛው ሰፈር እንደ መጣ? መልሱ ግልጽ ይመስለናል። በክርክር አዳራሽ ከኋላ ወንበር የሚሰማው ሳቅ የሰዋስው ፍቅር የወለደው አይደለም። «አንተ ከእኛ ወገን አይደለህም» የሚል የመደብ ድምፅ ነው። ይህን ድምፅ የምናሰማ እኛ ሕዝብን ለማገልገል እንማራለን የምንል ሰዎች መሆናችን ደግሞ ያሳፍራል።

አሁን ስለ ፈተናና ስለ እርማት እንናገር። በቻይና የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና እ.ኤ.አ. በ1977 እንደ ገና ከተቋቋመ ወዲህ እንግሊዝኛ የብዙ ሚሊዮን ወጣቶችን ዕድል የሚወስን ትምህርት ሆኗል። ለኮሌጅ ተማሪዎች የተዘጋጀው የእንግሊዝኛ ፈተና በ1987 እ.ኤ.አ. ተጀመረ፤ ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮም እንግሊዝኛ በአንደኛ ደረጃ ከሦስተኛ ክፍል አንሥቶ እንዲሰጥ ተወሰነ። ለብዙ ዓመታት ግን የእነዚህ ፈተናዎች ሰፊው ክፍል ከተሰጡት አራት መልሶች አንዱን መምረጥ ነበር። «ሺ» ከሚለው ቀጥሎ «ወርክ» ነው ወይስ «ወርክስ»? ተማሪው ሕጉን አስታውሶ ትክክለኛውን ያከብባል፤ ነጥቡንም ያገኛል። አፉን ከፍቶ ሲናገር ግን ለማስታወስ ጊዜ የለውም፤ አሳቡን፣ ቃሉን፣ ድምፁን በአንድነት ሲሸከም ከሸክሙ ቀድሞ የሚወድቀው ቀላሉና የማይጠቅመው ነው። ይኸውም መድረሻው ነው። «አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም» እንደሚባለው፣ መድረሻው ሲያመልጥ ተናጋሪው ራሱ አይሰማውም።

መምህራኑ ደግሞ የተማሪውን ጽሑፍ ተቀብለው በየመሥመሩ ቀይ ቀለም ያፈሱበታል። ተማሪው ወረቀቱን ሲያይ ያዝናል፣ ነጥቡን ይቈጥራል፣ አጥፎ ያስቀምጠዋል። በታይዋን ያስተማሩት ጆን ትረስኮት እ.ኤ.አ. በ1996 ይህ ዓይነቱ የሰዋስው እርማት አይጠቅምም፤ እንዲያውም ይጎዳልና ይቅር ብለው ጻፉ። ዴና ፌሪስ በ1999 እ.ኤ.አ. መልስ ሰጡ፤ ክርክሩም ብዙ ዓመት ቀጠለ። በኋላ የወጡ ጥናቶች ሁሉን ነገር በአንድ ጊዜ ከማረም ይልቅ አንድ ወይም ሁለት ነገር መርጦ ማረም የተሻለ ፍሬ እንደሚሰጥ አሳይተዋል። እኛም ከትረስኮት ጋራ ሙሉ በሙሉ አንሄድም፤ ነገር ግን ወረቀትን ማቅላት ማስተማር አይደለም በሚለው እንስማማለን።

እዚህ ላይ የሚቃወመን ወገን እንደሚኖር እናውቃለን። «ታዲያ መድረሻው ሁሉ ይቅር? እያንዳንዱ እንደ ፈለገ ይናገር?» ይለናል። አይደለም። ተማሪው የላቦራቶሪ ሪፖርት ሲጽፍ «ፈሳሹን አሞቅን» እና «ፈሳሹን እናሞቃለን» የተለያዩ ናቸው፤ አንዱ የሆነ ነገር ነው፣ ሌላው ትእዛዝ ወይም ልማድ ነው። «በሽተኛው መድኃኒቱን ይወስዳል» እና «በሽተኛው መድኃኒቱን ወሰደ» በሚሉት መካከል የሰው ሕይወት ሊገባ ይችላል። በእንግሊዝኛ ይህን ልዩነት ብዙ ጊዜ የምትሸከመው ያቺ ጫፍ ላይ ያለች «ኢዲ» ናት። ስለዚህ «ኢዲ» የግድ መማር አለባት። «ኤስ»ም ብትሆን ሥራ ፈት ናት ብለን ብንወቅሳትም፣ ያለ እርሷ የተጻፈ ማመልከቻ በአንባቢው ፊት እንደሚዋረድ እናውቃለን። ዓለም ፍትሐዊ እስክትሆን ድረስ ተማሪው ራሱን የሚከላከልበትን መሣሪያ መንፈግ ቸርነት አይደለም። የእኛ ጥያቄ መድረሻው ይማር ወይስ አይማር አይደለም፤ እንዴት ይማር፣ እስኪማረውስ ድረስ ተማሪው እንዴት ይታይ የሚል ነው።

ስለዚህ የሚከተለውን እናሳስባለን።

አንደኛ፣ ጽሑፍና ንግግር ይለዩ። በጽሑፍ ተማሪው ተመልሶ ማየት ስለሚችል መድረሻው ይጠየቅ፤ ለመድረሻ ብቻ ተብሎ አንድ ጊዜ ተጨማሪ ንባብ ይደረግ። በንግግር ጊዜ ግን አሳቡን ሳይጨርስ አይቋረጥ።

ሁለተኛ፣ መድረሻው ሥራ ይሰጠው። «ትናንት» የሚለው ቃል ከዓረፍተ ነገሩ ከወጣ፣ ተማሪው ጊዜውን ለማወቅ የግሱን ጫፍ ማዳመጥ ግድ ይሆንበታል። መምህሩ «ዘይ ዎክት» ወይም «ዘይ ዎክ» ብሎ፣ ተማሪው የሆነ ነገር ነው ወይስ ልማድ ብሎ ይመልስ። ጆሮ ያልለመደውን ምላስ አይደፍረውምና ማዳመጡ ይቅደም።

ሦስተኛ፣ ድምፁ ለብቻው ይለመድ። «ዎክት አት» ብሎ «ት»ን ከሚቀጥለው አናባቢ ጋራ ማያያዝ ለቻይንኛ ተናጋሪ ከባዱን ጫፍ ወደ ቀላል መነሻ ይለውጥለታል፤ በቃል መነሻ ላይ «ት» ማለትን ማንዳሪን አስተምሮታል።

አራተኛ፣ ግሱ በነጠላ ዓረፍተ ነገር ሳይሆን በታሪክ ውስጥ ይለመድ። «ሲኖር የነበረ» እና «የደረሰ» ነገር የሚለያየው በታሪክ ውስጥ ነው፤ የ«ለ» እና የ«ኢዲ» አለመመሳሰልም በዚያ ብቻ ይገለጣል።

እነዚህ አሳቦች ለቻይንኛ ተናጋሪዎች የቀረቡ ቢሆኑም ለእኛም የሚነግሩን ነገር አለ። እኛ ወርቅና ልብስ እያልን ስላደግን፣ ሄደችና ሄዱ ለይተን ስለምናውቅ፣ በአንዲት «ኤስ» ላይ ከቻይናዊው ቀድመን ልንገኝ እንችላለን። ይህ የቋንቋችን ውርስ እንጂ የግል ጀግንነታችን አይደለም። ቻይናዊው አማርኛ ሊማር በመጣ ጊዜ በ«ሄድሽ» እና በ«ሄድክ» መካከል ሲንገታገት የሚስቅበት ካለ፣ ያው ሰው ቻይንኛ ሊማር ሄዶ አራቱን የድምፅ ቃናዎች ሲያምታታ፣ እናትን ሊጠራ ፈልጎ ፈረስ ብሎ ሲጠራ ይገኛል። «ማ» የምትለው ድምፅ በአንዱ ቃና እናት፣ በሌላው ፈረስ ናትና። ያን ጊዜ ሳቁ ወደ ማን ይመለሳል?

በሚቀጥለው የክርክር ምሽት ተናጋሪው መድረሻ ቢጥል፣ የተናገረውን እንስማ። አሳቡ የተሳሳተ እንደ ሆነ አሳቡን እንቃወም፤ ግሱን ግን በኋላ፣ በግል፣ እንደ ወንድምና እንደ እኅት እናርምለት። ይህን ያህል ማድረግ ካልቻልን ስለ እኩልነት የምናደርገው ንግግር ሁሉ ራሱ መድረሻ የጎደለው ግስ ነው፤ ማን እንደሚያደርገውም መቼ እንደሚደረግም አይታወቅም።

አስተያየታችን ይህ ነው። ተሳስተን እንደ ሆነ የሚያርመን ጽሑፍ በዚሁ ዓምድ ቢወጣ ደስ ይለናል፤ ቀይ ቀለሙ ግን ከአሳባችን ላይ ይጀምር።